ካሣ ነው ወይስ አበል? ለሕክምና ሙከራ ተሳታፊ የሚከፈል ገንዘብና ግብሩ

ከኩታበር የመጡ አንድ አባት የክፍያ ወረቀቱ ላይ አውራ ጣታቸውን ካሳረፉ በኋላ የተሰጣቸውን ብር ሁለት ጊዜ ቆጠሩ። ቀለሙን በጋቢያቸው ጫፍ ሊጠርጉት ሲሉ ሶፍት አቀበልኳቸው። «ልጄ፣ ካሣ ነው ያላችሁኝ። ካሣም ይቆረጣል እንዴ?» አሉኝ። የስምምነት ቅጹ ሲነበብላቸው 500 ብር ተብሏል፤ እጃቸው የገባው 425 ነው።

ገንዘብ ያዡ 15 በመቶ ቆርጦ ነው። ለምን ቢሉት «ክፍያ ሲወጣ ግብር ይቀነሳል» አለ፤ ሌላ የሚለውም አልነበረው። ከ500ው ውስጥ 300ው የመኪና መሆኑን የሚለይ አንድም መስመር ወረቀቱ ላይ የለም። ወረቀቱን ያዘጋጀሁት ደግሞ እኔ ነበርኩ።

ከዚያ ወዲህ ደሴና አካባቢዋ ላይ የጤና ጥናት ሒሳብ ስይዝ የምሠራበትን አካሄድ ነው እዚህ የማስቀምጠው። በዋናነት የጥናት አስተባባሪዎችና የሒሳብ ሠራተኞች ይጠቀሙበታል ብዬ አስባለሁ። ተሳታፊ ከሆናችሁ፣ ወይም እናት አባታችሁን ለቀጠሮ የምታመጡ ከሆነ፣ ወደ መጨረሻው አካባቢ ለእናንተ የጻፍኩት አለ።

1. ገንዘቡን በስሙ ሳይሆን በተከፈለበት ምክንያት ለዩት

እዚህ ላይ አማርኛችን ራሱ ያሳስተናል። ለጠፋ ቀን ካሣ እንላለን፣ ለመኪናም ካሣ እንላለን፣ መርፌ ያሳበጠው እጅ ሲመጣም ካሣ ነው። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ካሣ ብሎ ከግብር ነፃ ያደረገው ግን በሰው ላይ ለደረሰ የአካል ጉዳት ወይም ከሌላ ሰው ሞት ጋር በተያያዘ የሚከፈለውን ነው። ስለዚህ ለቀጠሮ ቀን የሚሰጠው 200 ብር ላይ «ካሣ» ብሎ መጻፍ ከግብር አያድነውም። «አበል» ማለት ደግሞ ይብሳል፤ ገንዘብ ያዡ አበል ሲል የሠራተኛ ውሎ አበል ይመጣበትና ደመወዝ መፈለግ ይጀምራል።

እኔ ማንኛውንም ክፍያ ከአራቱ በአንዱ ፖስታ ውስጥ አስገባዋለሁ፦

የወጪ ተመላሽ። መኪና፣ ምግብ፣ ማደሪያ። ሰውየው ከኪሱ ያወጣውን ወይም ለመምጣት የግድ የሚያወጣውን የሚተካ ነው።

የጊዜና የድካም ክፍያ። ወረፋው፣ የደም ናሙናው፣ ሳይሠራ የዋለበት ቀን።

የጉዳት ካሣ። ጥናቱ ላይ በደረሰ ጉዳት ምክንያት፣ አብዛኛውን ጊዜ በጥናቱ ኢንሹራንስ በኩል የሚከፈል።

በዓይነት የሚሰጥ። ሳሙና፣ ስኳር፣ አጎበር፣ የሞባይል ካርድ።

ይህን ክፍፍል እኔ አልፈጠርኩትም። ጥናት የሚያጸድቁት የሥነ ምግባር ኮሚቴዎች የሚያውቁት የ2016 እ.ኤ.አ. የሲዮምስ (የዓለም አቀፍ የሕክምና ሳይንስ ድርጅቶች ምክር ቤት) መመሪያ በ13ኛው ነጥቡ ወጪን መተካትንና ለጊዜ መክፈልን ለየብቻ ነው የሚያያቸው። ክፍያው ሰውን ያለ ፍላጎቱ የሚጎትት መጠን እንዳይደርስም ያስጠነቅቃል። ስለዚህ ፕሮቶኮላችሁ (የጥናቱ ዕቅድ ሰነድ) ለሥነ ምግባር ኮሚቴ ሲቀርብ ክፍፍሉ እዚያው ከተጻፈ ለግብሩም ሥራው ግማሽ አለቀ።

2. የትኛው ሠንጠረዥ እንደሚመለከተው ወስኑ

አዋጁ ስለ ሕክምና ሙከራ ተሳታፊ ለብቻው የደነገገው አንቀጽ የለም። ስለዚህ በአጠቃላይ ድንጋጌዎቹ ነው የምንሄደው። ሠንጠረዥ «ሀ» ለመቀጠር ገቢ ነው፣ «ለ» ለቤት ኪራይ፣ «ሐ» ለንግድ፣ «መ» ለሌሎች ገቢዎች፤ «ሠ» ነፃ የተደረጉትን ይዘረዝራል። ክልሉ የራሱ የገቢ ግብር አዋጅ አለው፤ አወቃቀሩ ግን ተመሳሳይ ነው። የፌዴራሉ አዋጅ በ1395/2017 ስለተሻሻለ ቢሮ ውስጥ ያለው የድሮ ኮፒ ላይ ብቻ አትተማመኑ።

ተሳታፊ ተቀጣሪ ነው? አይደለም። ተቀጣሪ በሌላ ሰው አመራርና ቁጥጥር ሥር አገልግሎት የሚሰጥ ነው። ክኒን የሚውጥ፣ ደም የሚሰጥ፣ በፈለገ ጊዜ ምክንያት ሳይጠየቅ «በቃኝ» ብሎ መውጣት የሚችል ሰው ሠራተኛ አይባልም። ይህን አጥብቄ የምለው ፈተና ስላለው ነው። ከሐምሌ 1 ቀን 2017 ጀምሮ በወር እስከ 2,000 ብር የሆነ የመቀጠር ገቢ ግብር አይከፈልበትም። በወር አንድ ጊዜ 500 ብር የሚቀበለውን ሰው «ጊዜያዊ ሠራተኛ» ብላችሁ ብትመዘግቡት ግብሩ ዜሮ ይሆናል። ያምራል። ነገር ግን ያን ቀን የሥራ ግንኙነት አለ ብላችሁ በፊርማችሁ አረጋግጣችኋል፤ ነገ የሥራ ውል፣ የጡረታ መዋጮ፣ የሥራ ላይ ጉዳት እየተባለ ሲመጣ ወረቀታችሁ ይመሰክርባችኋል። የሥነ ምግባር ኮሚቴውም በፈቃደኝነት ነው ብሎ ያጸደቀውን ጥናት ቅጥር ሆኖ ያገኘዋል።

ነጋዴ ነው? ይህም አይደለም። ተቋም አገልግሎት ሲገዛ ከነጋዴው ላይ የሚቀንሰው ዊዝሆልዲንግ ታማሚን አይመለከትም። አንድ ስሙን የማልጠራው ተቋም ውስጥ የጥናት ተሳታፊዎችን እንደ አገልግሎት አቅራቢ ቆጥረው፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር የላችሁም ብለው 30 በመቶ ሲቆርጡ አይቻለሁ። ያ 30 በመቶ ቲን ለሌለው አቅራቢ የተቀመጠ ነው። ከአምባሰል ልጇን አዝላ የመጣች እናት የምታቀርበው ዕቃም አገልግሎትም የለም።

ታዲያ የሚቀረው ሠንጠረዥ «መ» ነው። የ979/2008 አንቀጽ 63 በሌሎቹ ሠንጠረዦች ያልተያዘ ማንኛውም ገቢ ላይ፣ ከጠቅላላው ገንዘብ 15 በመቶ ግብር ይጥላል። የጊዜና የድካም ክፍያውን የማስገባው እዚህ ነው። እዚህ ላይ እንደ ደመወዙ ነፃ የሆነ የመጀመሪያ መጠን የለም፤ ከ200 ብርም 30 ብር ነው።

የወጪ ተመላሹስ? አዋጁ ገቢ የሚለው ማንኛውንም የኢኮኖሚ ጥቅም ነው። 300 ብር ለመኪና አውጥቶ 300 ብር የተመለሰለት ሰው የተጠቀመው ነገር የለም፤ ወደነበረበት ነው የተመለሰው። ስለዚህ ገቢ ስላልሆነ ግብሩም አይነሳም። ይህ የሚጸናው ግን ወጪ መሆኑን የሚያሳይ ወረቀት ካለ ነው፤ በ5 ላይ እመለስበታለሁ። የጉዳት ካሣው በሠንጠረዥ «ሠ» ነፃ ነው፤ ከሌላ ክፍያ ጋር በአንድ ቫውቸር አታውጡት። ሳሙናና አጎበሩን የእንክብካቤው አካል አድርጌ ነው የምይዘው። የሞባይል ካርድ ግን ጥሬ ገንዘብ ነው፤ መልኩ ስለተለወጠ አይለወጥም፤ ከጊዜ ክፍያው ጋር ደምሩት።

አንድ ነገር ልጨምር። ገንዘቡ ከውጭ ስፖንሰር ስለመጣ፣ ወይም ፕሮጀክቱ በስምምነት ከቀረጥና ግብር ነፃ የተባለ ነገር ስላለው፣ ተሳታፊው እጅ ሲገባም ነፃ ነው ማለት አይደለም። ስምምነቱ ለማንና ለየትኛው ግብር እንደሆነ ቃል በቃል አንብቡት።

3. በጀቱ ሳይጸድቅ ሒሳቡን ሥሩ

በምሳሌ እንየው። ተሳታፊው ስድስት ጊዜ ይመጣል። በእያንዳንዱ ቀጠሮ 300 ለመኪና፣ 200 ለጊዜው። በጠቅላላው 3,000 ብር፤ 1,800ው ተመላሽ፣ 1,200ው የጊዜ ክፍያ።

ሳይለይ በአንድ መስመር ከተጻፈ 15 በመቶው 450 ብር ነው። ከተለየ ግን ግብሩ የሚሰላው 1,200 ላይ ብቻ ስለሆነ 180 ብር ይሆናል። በአንድ ሰው 270 ብር፣ በ100 ሰው 27,000 ብር ልዩነት፤ ምክንያቱም አንድ ዓምድ ስለጎደለ ብቻ።

ቀጥሎ ግብሩን ማን ይሸከመው የሚለው ነው። እኔ ሁልጊዜ የምመክረው ስፖንሰሩ እንዲሸከመው ነው፤ ተሳታፊው የተነገረው ገንዘብ ሙሉውን እጁ ይግባ። ግን 200 ላይ 30 ጨምሮ 230 በጀት መያዝ ስህተት ነው፤ የ230 15 በመቶ 34 ብር ከ50 ሳንቲም ስለሆነ አይደርስም። 200ን ለ0.85 አካፍሉት፤ 235 ብር ከ29 ሳንቲም ይመጣል። ከዚያ ላይ 35 ከ29 ግብር ሲወጣ 200 ይቀራል። በስድስቱ ቀጠሮ ለአንድ ሰው 211 ብር ከ76፣ ለ100 ሰው ደግሞ 21,176 ብር ገደማ ነው። ለስፖንሰሩ ይህ ምንም አይደለም። ጥናቱ ከተጀመረ በኋላ «በጀት ይጨመርልን» ማለት ግን ፕሮቶኮል ማሻሻያ ነው፣ ኮሚቴ ነው፣ ወራት ነው።

ሌላው የምትሰሙት ምክር «ሁሉንም ክፍያ መጨረሻ ላይ በአንዴ እንክፈል፣ ወረቀት ይቀንሳል» የሚል ነው። በአንቀጽ 63 በግብር የሚለወጥ ነገር የለም። ሰውን ግን ገንዘቡን ይዞ ማቆየት ነው፤ መውጣት እየፈለገ ለ3,000 ብሩ ሲል ይቆያል። በየቀጠሮው ክፈሉ።

4. የስምምነት ቅጹ ላይ ምን ተብሎ እንደሚጻፍ

ቅጹ ለማያነብ ሰው በምስክር ፊት ጮክ ተብሎ ነው የሚነበበው። ስለዚህ ጆሮ ላይ የሚቀር አማርኛ መሆን አለበት። እኔ የምጠቀምበት ይህ ነው፤ መውሰድ ትችላላችሁ፦

«በእያንዳንዱ ቀጠሮ ሁለት ክፍያ ይሰጥዎታል። አንደኛው የመኪና ወጪዎን የሚተካ ነው፤ ከመጡበት ቦታ ታሪፍ ጋር እኩል ነው፤ ከዚህ ላይ ምንም አይቀነስም። ሁለተኛው ለጊዜዎና ለድካምዎ 200 ብር ነው። በዚህ ላይ መንግሥት የሚጠይቀውን ግብር ጥናቱ ራሱ ይከፍላል፤ እርስዎ እጅ የሚገባው 200 ብር ነው። በጥናቱ ምክንያት ጉዳት ቢደርስብዎ የሚሰጠው ሕክምናና ካሣ ከእነዚህ የተለየ ነው።»

ስፖንሰሩ አልሸከምም ካለ ስለ ግብሩ የሚናገረው ዓረፍተ ነገር ይለወጣል፦ «ከ200 ብሩ 30 ብር ግብር ተቀንሶ 170 ብር ይደርስዎታል።» 170ን ጻፉት። «በሕግ መሠረት ተቀናሽ ይደረጋል» ተብሎ ቢነበብለት ምንም አልተነገረውም ማለት ነው።

5. የትራንስፖርት ማስረጃ፣ ደረሰኝ በሌለበት አገር

ብዙ ጊዜ ነገር የሚበላሸው እዚህ ነው። ከኩታበር ደሴ የሚመላለስ ሚኒባስ ደረሰኝ አይቆርጥም፣ ባጃጅም እንደዚያው። ከወረኢሉ የሚመጣው ሰው አንዱን ቲኬት አምጥቶ ሌላውን መንገድ ላይ ጥሎት ይሆናል። «ደረሰኝ የሌለው አይመለስለትም» ብትሉ ሩቅ ያለው ገበሬ ከጥናቱ ይወጣል፤ ደሴ ከተማ ያለው ብቻ ይቀራችኋል።

የምናደርገው እንዲህ ነው። መናኸሪያ ሄደን በመንግሥት የወጣውን የታሪፍ ሰንጠረዥ ኮፒ እንይዛለን፤ ከየመስመሩ ደሴ ስንት እንደሆነ። ያን መሠረት አድርገን በጥናቱ ማኅተም የተረጋገጠ የጉዞ ዝርዝር እናዘጋጃለን፦ ደሴ ከተማ ውስጥ፣ ቦሩ ሜዳ፣ ኩታበር፣ ሐይቅ፣ ኮምቦልቻ፣ ወረኢሉ፣ ተንታ፣ መርሳ፣ ወልዲያ። ተሳታፊው ሲመዘገብ የሚኖርበት ቀበሌ ይጻፋል፤ ከዚያ በኋላ በየቀጠሮው የሚከፈለው የዚያ መስመር ዋጋ በደርሶ መልስ ነው። ከአስፋልቱ ወዲያ ያለው ሁለት ሰዓት የእግር መንገድ የመኪና ወጪ የለውም፤ ያ በጊዜ ክፍያው ውስጥ ነው።

ለሁሉም ሰው እኩል 300 ብር መክፈል ያጓጓል፣ ለሥራም ይቀላል። ግን ቧንቧ ውሃ ሰፈር የሚኖር ሰው በባጃጅ 40 ብር አውጥቶ 300 ሲወስድ 260ው ተመላሽ አይደለም፤ ገቢ ነው። ኦዲተር ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ ይህንኑ ነው። ከተንታ የመጣው ደግሞ 300 አንሶት ከኪሱ ጨምሮ ይሆናል። በመስመር መክፈል ለግብሩም ለፍትሑም ይሻላል። ታሪፍ ሲሻሻል ዝርዝሩን አድሱ፤ አሮጌውንም ከነቀኑ ፋይል ውስጥ አቆዩት።

አስታማሚ አለ። ሕፃን ወይም የደከመ ሰው ብቻውን አይመጣም። የአስታማሚውን መኪና በዚያው መስመር ላይ በሌላ ዓምድ ጻፉት እንጂ የተሳታፊው ላይ አትደምሩት። ማደሪያም እንዲሁ። የቁንጭር (ቆዳ የሚያቆስለው በሽታ) መርፌ 28 ቀን ሊወስድ ይችላል፤ ከሩቅ የመጣ ሰው አልጋ ካላገኘ ቤት ተከራይቶ ይቆያል። አከራይዋ ደረሰኝ ባይኖራት እንኳ ስሟን፣ ስንት ሌሊት፣ በስንት ብር ብሎ የተፈረመ ወረቀት ይያዝ።

ቀጠሮ ስትሰጡ የገበያ ቀን አትርሱ። ሰኞ ደሴም ባቲም ገበያ ነው፤ መኪናው ይሞላል፣ ረዳቱ ከታሪፍ በላይ ይጠይቃል፣ ሰውየውም የሚሸጠውን በግ ትቶ ነው የሚመጣው። ከታሪፍ በላይ የተከፈለው ላይ ክርክር እንዳይመጣ ማክሰኞ አድርጉት።

6. የክፍያ ቀን

ወረቀቱ ላይ እነዚህ ዓምዶች ይኑሩ፦ ተራ ቁጥር፣ የተሳታፊ ኮድ፣ የመጣበት ቦታ፣ መኪና ደርሶ መልስ፣ የአስታማሚ መኪና፣ የጊዜ ክፍያ ጠቅላላ፣ ግብር፣ የተጣራ፣ እጅ የገባ ድምር በአኃዝና በፊደል፣ ፊርማ ወይም አሻራ፣ ቀን። ነርሶችንና መረጃ ሰብሳቢዎችን በዚህ ወረቀት ላይ አታስገቡ፤ እነሱ ተቀጣሪ ናቸው፣ ሠንጠረዥ «ሀ» ነው የሚመለከታቸው። ራሷ ነርስ የሆነች በክትባት ጥናት ተሳታፊ ብትሆን ደግሞ ተቃራኒውን አድርጉ፦ የተሳታፊነት ክፍያዋን ከደመወዟ ጋር በፔሮል እንዳታወጡት፤ እዚያ ከገባ ሲስተሙ በደመወዝ ግብር ያሰላዋል።

ስም ነገር ከባድ ነው። ሒሳብ ክፍል ስም ይፈልጋል፣ ግብር ጽሕፈት ቤት ስም ይፈልጋል፤ ጥናቱ ደግሞ የተሳታፊውን ምስጢር ለመጠበቅ ቃል ገብቷል፣ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም አለ። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በሥጋ ደዌና በቁንጭር ሕክምና የታወቀ ነው፤ «እገሌ ቦሩ ሜዳ ታየ» ሲባል ሰው ምን እንደሚያስብ የወሎ ሰው ያውቀዋል። እንኳን «የቁንጭር ጥናት ተሳታፊዎች ስም ዝርዝር» የሚል አርዕስት ያለው ወረቀት ከቢሮ ቢሮ ሲዞር። ስለዚህ በወረቀቱ አናት ላይ የጥናቱ ቁጥር ብቻ ይጻፍ፣ የበሽታው ስም አይጻፍ። ኮድና ስም የሚያገናኘው ዝርዝር በዋናው ተመራማሪ እጅ ተቆልፎ ይቀመጥ። ለግብር የሚሄደው ስምና የገንዘብ መጠን ነው፤ ሰውየው ምን እንደታመመ የግብር ሠራተኛውን አይመለከተውም።

በቴሌብር ስትከፍሉም ያው ነው። ምክንያት የሚል ቦታ አለ፤ «ለቲቢ ጥናት» ብላችሁ ብትሞሉት የሚደርሰው አባትየው ስልክ ላይ ሳይሆን የልጃቸው ስልክ ላይ ሊሆን ይችላል። «የጉዞ ተመላሽ» በቂ ነው። ስልኩ የሌላ ሰው ከሆነ ተሳታፊው «በዚህ ቁጥር ይላክልኝ» ብሎ የፈረመበት ወረቀት ይኑር፤ አለበለዚያ ገንዘቡ ለማን እንደተከፈለ ማስረዳት አትችሉም። ሁለቱን ክፍያ በሁለት መልእክት ላኩ፤ መኪናው ለብቻ፣ ጊዜው ለብቻ። በኋላ ስትፈልጉት ስልኩ ራሱ ይመሰክራል።

ቀን ስትጽፉ ሁለቱንም አቆጣጠር። ጥቅምት 5 ቀን 2018 (ኦክቶበር 15፣ 2025) በሉ፤ የወሩን ስም በፊደል። እኔ 5/2/2018 ብዬ የጻፍኩትን የስፖንሰሩ ኦዲተር ፌብሩዋሪ አድርጎ አንብቦት፣ ያውም 2018 እ.ኤ.አ. መስሎት፣ ጥናቱ ከመጀመሩ ከሰባት ዓመት በፊት ክፍያ ፈጽማችኋል ብሎ ሁለት ገጽ ጥያቄ ልኮልኛል። የግብር ዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው፤ የስፖንሰሩ ዓመት ጃንዋሪ ላይ ነው የሚጀምረው። ድምሩን በሁለቱም አዘጋጁ።

7. ግብሩን ማስተላለፍ፣ የጽሑፍ ማብራሪያ መጠየቅ

አንቀጽ 63 ግብሩን የሚጥለው ገቢውን ባገኘው ሰው ላይ ነው። የማውቃቸው ተቋማት ግን ተሳታፊው በየወረዳው እየዞረ እንዳያሳውቅ ራሳቸው ቀንሰው ያስተላልፋሉ፤ ይህም ትክክል ይመስለኛል። ከመጀመሪያው ክፍያ በፊት ተቋማችሁ ግብር ለሚያሳውቅበት ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ጻፉ። ዩኒቨርሲቲው የፌዴራል፣ ሆስፒታሉ የክልል ስለሆነ ጥናቱ በሁለቱ ትብብር ከሆነ መጀመሪያ ከፋዩ ማን እንደሆነ በመካከላችሁ ወስኑ።

ደብዳቤው ላይ ሦስት ጥያቄ ብቻ ይኑር፦ በታሪፍ የሚተካው የመኪና ወጪ ገቢ አለመሆኑን ታረጋግጣላችሁ ወይ? የጊዜ ክፍያው በአንቀጽ 63 ነው ወይ የሚታየው? ቀናሹ ከፋዩ ነው ወይስ ተቀባዩ? የሥነ ምግባር ኮሚቴውን ማጽደቂያ፣ የስምምነት ቅጹን የክፍያ ገጽና የጉዞ ዝርዝሩን አያይዙ። መልሱን በጽሑፍ ውሰዱ። በስልክ «እሺ፣ ቀጥሉ» ያላችሁ ሰው ኦዲት ሲመጣ ተዛውሮ ነው የምታገኙት።

በጽሑፍ የተሰጣችሁ የግብር ውሳኔ ካላሳመናችሁ፣ በታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 መሠረት ውሳኔው በደረሳችሁ በ21 ቀን ውስጥ ቅሬታ ማቅረብ አለባችሁ። ቅሬታው ላይ የተሰጠው ውሳኔ ካልተስማማችሁ ደግሞ በ30 ቀን ውስጥ ወደ ታክስ ይግባኝ ሰሚ ኮሚሽን ነው። ቀኑ የሚቆጠረው ደብዳቤው መዝገብ ቤት ከገባበት ነው እንጂ እናንተ ጠረጴዛ ላይ ከደረሰበት አይደለም፤ መዝገብ ቤቱን ወዳጅ አድርጉት።

ለተሳታፊዎችና ለቤተሰብ

ስምምነቱ ሲነበብላችሁ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ከዚህ ውስጥ ስንቱ የመኪና ነው፣ ስንቱ የጊዜዬ? እጄ የሚገባው ስንት ነው? ቁጥሩን ራሳችሁ ባታነቡት ልጃችሁን አስነብቡት፤ የቅጹ አንድ ኮፒ የእናንተ ነው፣ ይዛችሁት ሂዱ። ከተቆረጠባችሁ ለምን ምክንያትና ስንት እንደተቆረጠ የሚያሳይ ወረቀት መጠየቅ መብታችሁ ነው፤ ስለጠየቃችሁ ሕክምናችሁ አይቋረጥም።

ብዙ ሰው ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ የሚጠይቀኝ ሌላ ነው፦ «ይቺ ገንዘብ ከሴፍቲኔት ታስወጣኝ ይሆን?» የመኪና ተመላሽ ሀብት አይደለም፤ መጥታችሁበት አልቃለች። ቀበሌ ላይ ወሬ ከተነሳ የምታሳዩት ግን ያው መኪናውና ጊዜው የተለየበት ወረቀት ነው። በሽታችሁን ሳታነሱ «የጉዞ ነው» ለማለት ይበቃል።

አሜሪካ ያለ ዘመድ በዚያው ጥናት ላይ ተሳትፎ «እኛ ጋ እንዲህ ነው» ካላችሁ የእዚያ ሕግ ሌላ መሆኑን እወቁ። እዚያ የተሳታፊነት ክፍያ የሚታወጅ ገቢ ነው። ክፍያውን የሚፈጽመው ተቋም እስከ 2025 እ.ኤ.አ. በዓመት 600 ዶላር ሲሞላ፣ ከ2026 ጀምሮ ለሚከፈለው ደግሞ 2,000 ዶላር ሲሞላ ፎርም 1099 የሚባለውን የገቢ ማሳወቂያ ይልካል። ፎርሙ ባይመጣም ገቢው መታወጅ አለበት። በደረሰኝ የተመለሰ የጉዞ ወጪ ግን እዚያም አይደመርም።

በስህተት የተቆረጠ ሲገኝ

ገንዘቡ ገና ለግብር ጽሕፈት ቤት ካልተላለፈ ቀላል ነው፦ የማስተካከያ ቃለ ጉባኤ ይያዛል፣ የወሩ ድምር ይስተካከላል፣ ልዩነቱ ለተሳታፊው በፊርማ ይመለሳል። ከተላለፈ በኋላ ከሆነ ተቋሙ ተመላሽ ወይም ማካካሻ በጽሑፍ ይጠይቃል፤ ተሳታፊው ግን ያን እስኪያልቅ መጠበቅ የለበትም፤ ከጥናቱ በጀት ይከፈለው፣ ተመላሹ ሲመጣ ይተካል።

የኩታበሩ አባት ከ500ው ላይ ግብር የሚመለከተው 200ው ብቻ ስለነበር መቀነስ የነበረበት 30 ብር ነው፤ 75 ተቆርጦባቸዋል። በሚቀጥለው ቀጠሯቸው 45 ብር ለብቻ ቆጥሬ ሰጠኋቸው። አውራ ጣታቸውን ቀለሙ ላይ ሊያደርጉ ሲሉ መለሱትና «ይቺስ ደግሞ ምን ትባላለች?» አሉኝ። ወረቀቱን ወደ እሳቸው አዙሬ አነበብኩላቸው፦ «በስህተት የተቀነሰ ግብር ተመላሽ፣ አርባ አምስት ብር።» አሻራቸውን አሳረፉ።